ከዋጋው በፊት ግድግዳው

አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ለቤት ሲያወጣ ስለ ዋጋው ደላላና ሽማግሌ ያማክራል፤ ስለ ግንቡ ግን ማንንም አይጠይቅም። ታናሽ እኅቴ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከተሠሩት ተያያዥ ቤቶች አንዱን ልትገዛ ስትል አብሬያት ሄድሁ። ሻጩ የሳሎኑን ወለል ሲያሞግስ፣ በጋራው ግድግዳ በኩል የጎረቤት ሳል ይሰማ ነበር።

የነጠላ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ድምፅ በንድፈ ሐሳብ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ስስ የብሎኬት ግድግዳ ግን ቀላል ነው። በጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ከቧንቧው በ5 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ፣ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ አትሞስፌር ያህል ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መሠረቱ ይህን ካላገናዘበ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቤቶቹ በተያያዙበት ስፍራ የአንዱ ጉዳት ለሌላውም ይተርፋል።

ስለዚህ ቤቱ በምሽትም፣ ከከባድ ዝናብ በኋላም ይታይ፤ የመሠረቱ ንድፍ ይጠየቅ፤ የጋራ ጣሪያና የፍሳሽ መስመር ጥገና በማን ወጪ እንደሚሆን በውል ይስፈር።

እኅቴ ያን ቤት ተወችው። ውድ ተማሪዎች፣ ግፊትንና ድምፅን ለፈተና አጥንታችኋል፤ ወላጆቻችሁ ውል በሚፈርሙበት ዕለት ዝም ካላችሁ፣ ዕውቀቱ ለማን ሊጠቅም ነው?