አልጋ ሥር ያለው ጓዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም የተከራየ ቤተሰብ፣ በኪራዩ ከተስማማ በኋላ የሚጠብቀው ፈተና የዕቃ ነው። ጤፉ የት ይቀመጥ? ጋቢውና ብርድ ልብሱ የት ይግባ? የበዓል ድስቱ፣ ሻንጣው፣ የልጆቹ የአምና መጽሐፍ የት ይደር? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አልጋ ሥር ክተቺው።» ከወር በኋላ ያው ሻንጣ ሲፈለግ አባወራው በሆዱ ተኝቶ በመጥረጊያ እንጨት ይጎትተዋል። የሚወጣው አቧራ ከሻንጣው ይበልጣል።

ይህን የቤተሰቡ ዝርክርክነት አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ቤቶቹ ሲነደፉ የተረሳ ነገር አለ። የድሮው የገጠር ቤት ጭቃና ሣር ቢሆንም ለዕቃ ቦታ ነበረው። እህሉ በጎታ፣ ዕቃው በቆጥ፣ የምግቡ ነገር በጓዳ ይቀመጥ ነበር። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራው መደብም ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነበር። አንድን ነገር ለሁለት ሥራ ማዋል ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ኮንክሪቱ ሲመጣ መኝታ ቤት ተቆጠረ፤ ጓዳና ጎታ ከቆጠራው ወጡ። ዛሬ ቤቱ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ነው ይባላል እንጂ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ መሳቢያ ያለው አልጋ ቤት ውስጥ መሥራት የተወሰደን ጓዳ እንደ ማስመለስ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ ሜትር ከሃያ አልጋ 1.20 በ1.90 ሜትር ሲሆን ወለሉ ላይ 2.28 ካሬ ሜትር ይይዛል። ቤቱ 20 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ተከራዩ በየወሩ ከሚከፍልበት ወለል ከአሥር አንድ እጅ በላዩ የሚያገለግለው ሌሊት ብቻ ነው ማለት ነው። ከፍራሹ ሥር 35 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ማስቀመጫ ቢሠራ ግን 0.8 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይገኛል። ይህም 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 1.80 ሜትር ቁመት ካለው ቁምሳጥን ጋር ይስተካከላል። የእንጨቱ ውፍረት ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ቁምሳጥኑ የሚይዘው ወለል ግን እንዳለ ይተርፋል።

«ታዲያ ተሠርቶ የሚሸጠውን መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አቅም ያለው ይግዛ። ነገር ግን በየሱቁ ከሚያብረቀርቀው አልጋ ብዙው ቺፑድ ነው። ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ አንዴ የተፈታ ብሎን ዳግም ሲገባበት እንደ መጀመሪያው አይጨብጥም። ቤት ለሚቀያይር ተከራይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ አልጋው ስንት ጊዜ ተፈቶ ይገጠማል የሚለው ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ በጠባብ ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር እየተከራከሩ ለሚወጡ ሰዎች የማይፈታ አልጋ ዕዳ ነው።

ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ጣውላውንና ሞራሌውን እንጨት ቤት በልክ አስቆርጦ ማምጣት ይቻላል፤ ቤት ውስጥ የሚቀረው መብሳትና መግጠም ነው። ከሁሉ በፊት ፍራሹና በሩ ይለኩ። ማዕዘኖቹ በሚስማር ከሚመቱ በብሎንና በዳዶ ቢታሰሩ በአንድ ቁልፍ ይፈታሉ። ፍራሹን የሚሸከመው ርብራብ በመሃሉ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ በድፍን ጣውላ ላይ የተኛ የስፖንጅ ፍራሽ በክረምት ከሥሩ ይሻግታል። የጠፍር አልጋ ይህ ችግር አልነበረበትም። እህል የሚገባበት ክፍል ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይበል። ልጅ ባለበት ቤት ወደ ላይ ከሚከፈት ከባድ ክዳን ይልቅ በጎን የሚወጣ መሳቢያ ይመረጣል፤ ክዳን ወድቆ ጣት ይቀጠቅጣል፣ ከዚያም የባሰ ያመጣል። መሳቢያው ሲወጣ ከፊቱ ባዶ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ደግሞ የግድ ነው።

መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ስህተት አለ፤ ለጥንካሬ ብሎ አልጋውን ከግድግዳ ጋር ማዋሐድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1132 ከአንድ ነገር ጋር የተዋሐደና ያንን ነገር ሳያበላሽ ሊነጠል የማይችለውን የዚያው ነገር ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። በተከራይ ቋንቋ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ አልጋ ለአከራዩ ሊቀር ይችላል። በራሱ እግር የቆመው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ያወቀ ሰው ለሚተኛበት ነገር መልፋት አይከብደውም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው መጋዝ ይዞ ሲታይ ጎረቤት «ምነው፣ አናጺ ጠፍቶ ነው?» ይላል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ንቀቱ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። አንድ አልጋ በእጁ የሠራ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ከአናጺ ጋር በዋጋ ሲከራከር እንኳ በአክብሮት ይከራከራል።

ይህ ሁሉ ሲባል የተከራይ ብልሃት ለቤት ነዳፊዎች ሰበብ መሆን የለበትም። ሰው በ20 ካሬ ሜትር ተጣጥፎ መኖር መቻሉ 20 ካሬ ሜትር ይበቃዋል ማለት አይደለም። የሚቀጥለውን ሕንፃ የሚነድፍ አርክቴክት መኝታ ቤቱን ከማስመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ጤፉ የት ይቀመጣል? መልሱ «አልጋ ሥር» ከሆነ፣ አልጋውንም አብሮ ይንደፈው።