የሆላንድ ፋይል ሲከፈት፦ የአባቶችን ኃጢአት ምን እናድርገው?

የጦርነቱ ዘመን ሆላንድ ሲነሣ ምናልባት ቶሎ ትዝ የምትልዎ ኮሪ ቴን ቡም ትሆናለች። ቤተሰቧ በሃርለም ከተማ አይሁዶችን በቤቱ ሸሸገ፤ በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተያዙ። አባቷ በእስር ቤት፣ እኅቷ ቤትሲ በራቨንስብሩክ ማጎሪያ ሞቱ። ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ሙሉው የሆላንድ ታሪክ ግን አይደለም።

ጀርመን በግንቦት 1940 ስትወርራት በአገሪቱ 140,000 ያህል አይሁዶች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ 102,000 የሚያህሉት አለቁ። በምዕራብ አውሮፓ ከአይሁዶቹ ይህን ያህል እጅ ያጣ ሌላ አገር የለም። የመዘገቧቸው የአገሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ ለቅመው ካስረከቧቸውም መካከል የአገሩ ፖሊሶች ነበሩበት።

ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ራሱን “ደጎች” እና “ክፉዎች” ብሎ ለሁለት ከፈለ። የታሪክ ጸሐፊው ሉ ደ ዮንግ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ብዙ ቅጾችም ይህንኑ አመለካከት አጸኑ። ሃንስ ብሎም በ1983 ከዚህ ክፍፍል እንውጣ አለ። ክሪስ ፋን ደር ሃይደን ደግሞ በ2001 አብዛኛው ሰው ነጭም ጥቁርም ሳይሆን ግራጫ እንደ ነበር ጻፈ። ተቺዎቹም “ሁሉ ግራጫ ከሆነ ገዳይና ተገዳይ በምን ይለያሉ?” ብለው ተቃወሙት።

በጥር 2025 ክርክሩ ወደየቤቱ ገባ። ከጠላት ጋር ተባብረዋል ተብለው የተጠረጠሩ የ425,000 ያህል ሰዎች ስም በኢንተርኔት ወጣ። አብዛኞቹ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬ በሕይወት አሉ። ታዲያ ልጅ በአባቱ ይፈረድበት? ሕዝቅኤል 18 አይፈረድበትም ይለናል። ዳንኤል ግን (ምዕራፍ 9) የአባቶቹን ኃጢአት “የእኛ” ብሎ ተናዘዘ። ሁለቱ አይጋጩም። ፍርዱ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ነው፤ እውነቱን መናገር ግን የሁላችን ዕዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያንስ? በሐምሌ 1942 አብያተ ክርስቲያናት በአይሁዶቹ መጋዝ ላይ ለጀርመኖች የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። ጀርመኖቹ ቴሌግራሙ በምእመናን ፊት እንዳይነበብ ሲጠይቁ፣ ትልቁ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ እሺ አለ። የካቶሊክ ጳጳሳት አነበቡት፤ ጀርመኖቹም ከአይሁድ ወገን የሆኑ ካቶሊኮችን በበቀል ለቅመው ወሰዱ። መናገር ዋጋ ነበረው፤ ዝም ማለትም እንዲሁ። የሆላንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጉድለቷን በአደባባይ የተናዘዘችው በኅዳር 2020 ነው፤ መንግሥት ይቅርታ በጠየቀበት ዓመት። ከሞት የተረፉት አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ አልፈዋል።

ወገኖቼ! እኛም የየቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ስንጽፍ የጸኑትን ብቻ ነው የምናወሳው? በፍርሃት ዝም ያልንበትን፣ ባልንጀራችንን አሳልፈን የሰጠንበትንስ ማን ይጻፈው? ምሳሌ 28፥13 ምሕረት የሚያገኘው ኃጢአቱን የሸፈነ ሳይሆን የተናዘዘ መሆኑን ያስተምረናል። የበደልናቸው በሕይወት ሳሉ እንናገር።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።