ጥላም የሕዝብ ሀብት ነው

ስለ ደቡብ ስፔን ከተሞች የሚነገረው ሁሉ በፀሐይ ይጀምራል። የጉዞ ወኪሎች በሚያድሉት ሥዕል ላይ የምትታየው ሴቪያ ሰማይዋ የጠራ፣ ግድግዳዋ የነጣ፣ ብርቱካኗ በየመንገዱ የተንጠለጠለ ከተማ ናት። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ከተማይቱን በአውቶቡስ መስኮት ሳይሆን በእግራችን ስንዞራት ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። የሴቪያ ሕዝብ ብዙ መቶ ዓመታት የደከመው ከፀሐይ ለመጠለል ነው። ስለዚህ የከተማይቱ ቁም ነገር ጥላዋ ነው እንላለን።

በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ እዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2022 (ዘመኑን የምንጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለአውሎ ነፋስ ስም እንደሚወጣ ሁሉ ለቀናት ለሚቆይ ብርቱ ሙቀትም ስም ማውጣት ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ዞኤ ተባለ። እንዲህ ባለ ሙቀት ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ መራመድ ያስፈልጋል።

በሳንታ ክሩዝ ሠፈር ሁለት ሰው በግድ የሚተላለፍባቸው መንገዶች አሉ። የአንዱ ቤት ግድግዳ ለሌላው ቤት ጥላ ይሆናል፤ መንገዱም ቶሎ ቶሎ ስለሚጠማዘዝ ፀሐይ ገብታ አትውልበትም። ሲየርፔስ በተባለው የገበያ መንገድ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከጣራ እስከ ጣራ ሸራ ይወጠራል፤ ከሸራው ሥር ሀብታሙም ድሀውም፣ የሚገዛውም የማይገዛውም እኩል ይሄዳል። የየመንገዱ ብርቱካን ፍሬው መራራ ስለ ሆነ ተልጦ አይበላም፤ ዛፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስለማያጣ ለመንገደኛው ሁሉ ይጠቅማል።

ወዲያና ወዲህ መዞር የሥራ ፈት ነው፣ ተማሪ ከሄደ አይቀር ቤተ መዘክሩንና ቤተ መጻሕፍቱን ይመልከት የሚሉ አሉ። እኛ ግን እግር የሚያስተምረውን መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም ባዮች ነን። ሂራልዳ የሚባለው የካቴድራሉ ደወል ቤት በ1198 የተፈጸመ የመስጊድ ሚናራ ነበር፤ ደወሉ ያለበት የላይኛው ክፍል በ16ኛው ምዕት ዓመት ተጨመረበት። ከካቴድራሉ አጠገብ፣ ስፔን በአሜሪካ ስለ ገዛቻቸው አገሮች የሚናገሩት ጽሑፎች ከ1785 ጀምሮ የተከማቹበት ቤተ መዛግብት ቆሟል። ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲሉ የሳንታ ክሩዝ ጥላ ይጀምራል። ይህ ሠፈር የአይሁድ ነበር፤ በ1391 ብዙዎቹ ተገደሉ፤ በ1492 ደግሞ ክርስትናን ያልተቀበሉ አይሁድ ሁሉ ከስፔን እንዲወጡ ታዘዘ። እነዚህ ነገሮች በመጽሐፍ ውስጥ በየምዕራፉ ተለያይተው ይገኛሉ፤ በእግር ግን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ናቸው። ጥላውን ያቆሙት ሁሉ በጥላው ሥር እንዲኖሩ እንዳልተፈቀደላቸው የምንረዳው እንዲህ ስንሄድ ነው።

ተማሪን በተለይ የሚመለከተው የቀድሞው የትምባሆ ፋብሪካ ነው። በ18ኛው ምዕት ዓመት የተሠራው ይህ ግዙፍ ሕንፃ ዛሬ የሴቪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጎብኚው፣ ካርመን የተባለችው የኦፔራ ሴት የሠራችበት ቤት ነው ሲሉት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ካርመን ግን የደራሲ ፍጡር ናት። በ19ኛው ምዕት ዓመት በዚያ ቤት ሲጋራ ሲጠቀልሉ የዋሉት በሺህ የሚቆጠሩ እውነተኛ ሴቶች ናቸው። ስለ ካርመን ፍቅር የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ስለ እነዚያ ሴቶች የቀን ደመወዝ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዛሬስ ጥላው የማን ነው? ለ1929 ኤግዚቢሽን ወደ ተሠራው ወደ ፕላሳ ዴ እስፓኛ በእኩለ ቀን የሄደ ሰው መልሱን በከፊል ያገኘዋል። ጎብኚው ሲሞቀው ከቅስቶቹ ሥር ገብቶ ያርፋል፤ ጋሪ ነጂውና ጠራጊው ግን እንጀራቸው በሜዳው ላይ ነው። በመካከለኛው ከተማ ደግሞ ብዙ መኖሪያ ቤት ለጎብኚ የሚከራይ ማደሪያ እየሆነ፣ ኪራዩም እየናረ ነዋሪውን ወደ ዳር ይገፋዋል። በጠባቡ መንገድ ላይ የልብስ ሻንጣ ሲንኳኳ መስማት የተለመደ ሆኗል። አያቶቹ ያበጁትን ጥላ ለእንግዳ ለቅቆ፣ ራሱ ዛፍ ወዳነሰበት ዳርቻ የሚሄድ ሰው ከተማው የእርሱ ነው ሊባል አይቻልም። ይህን ስንል ራሳችንን ከእንግዳው ነጥለን አይደለም፤ የምንከፍለው የአልጋ ኪራይ ከዚሁ ሂሳብ ውስጥ ነው።

ጉዞ አይደረግ ማለታችን አይደለም። በእግር የሚሄድ እንግዳ ቢያንስ ማን በጥላ፣ ማን በፀሐይ እንደሚውል ያያል፤ ካየም በኋላ አላየሁም ሊል አይችልም። የሐረር ጀጎልን ጠባብ መንገዶች የረገጠ አንባቢ የሴቪያ ብልሃት አዲስ አይሆንበትም። እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በሰው አገርም ሆነ በአገራችን መንገድ ሲሰፋና ሕንፃ ሲቆም ስናይ፣ ስፋቱንና ቁመቱን ከማድነቃችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ገንዘብ የሌለው እግረኛ በእኩለ ቀን የት ይጠለላል? ለዚህ መልስ የሌለው ከተማ የቱንም ያህል ቢያምር ለሕዝብ ተሠራ አይባልም።