ጠመንጃ ያልያዘም አገሩን ያገለግላል



ለመከላከያ ሠራዊት የሚመለመል ወጣት በሐኪም ይመረመራል። ዓይኑ ደክሞ ወይም ጆሮው ከብዶ ከተገኘ «ብቁ አይደለህም» ተብሎ ይመለሳል። ውትድርና ሙሉ ጤንነት ስለሚጠይቅ ይህን አንቃወምም። ጥያቄያችን፣ አገሩን ላገልግል ብሎ የመጣው ወጣት ከዚያ በኋላ ወዴት ይሂድ? የሚል ነው።

ክልላችን፣ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ፣ በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ንጹሕ ውሃና ወቅታዊ ሕክምና ቢኖር ዓይን አያጠፋም። መንግሥት በጊዜው ያላከመውን ዓይን በምርመራ ጥሎ ዝም ሊል አይገባም።

የአገር መከላከያ የተኳሽ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ደብረ ታቦር ታውቃለች። ከከተማችን አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት ወታደሮች ሳይሆኑ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና አብረዋቸው የደከሙ ያገራችን ሰዎች ናቸው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰውም መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው።

ዛሬም ሠራዊት ያለ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ያለ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ያለ መካኒክና ያለ ኮምፒውተር ባለሙያ አይቆምም። ደመወዝ የሚያሰላ ሰው ተራራ መሮጥ አይጠበቅበትም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር በጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጸም ደንግጓል። የአዋጁ መንፈስ በመከላከያ የሲቪል ቅጥርም በተግባር መታየት አለበት።

ስለሆነም ድምፃችሁን ከሰጣችሁን የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንታገላለን፦

1. በምርመራ ለወደቀ ሁሉ ምክንያቱና የሚታከምበት ቦታ በጽሑፍ እንዲሰጠው፤
2. የመከላከያ የሲቪል ክፍት የሥራ ቦታዎች እያንዳንዳቸው ከሚጠይቁት የጤና መመዘኛ ጋር በየከተማው በይፋ እንዲለጠፉ፣ ፈተናውም ደብረ ታቦር ድረስ እንዲመጣ፤
3. የሙያ ኮሌጆችና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ሥራዎች የሚያበቃ ሥልጠና እንዲሰጡ፤
4. በጦርነት አካላቸው የጎደለ የቀድሞ ወታደሮች ቅድሚያ እንዲያገኙ፤
5. ቅጥሩ በችሎታ እንጂ በፓርቲ አባልነት እንዳይሆን፣ ማንም ዜጋ በግዴታ እንዳይመለመል።

የጠየቀ ሁሉ ይቀጠር አንልም፤ ሥራውን መሥራት የሚችል ሰው በማያስፈልገው መመዘኛ አይውደቅ እንላለን። በምርመራ የተመለሰ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አቅርቡ። መልሶቹን አነጻጽራችሁም ምረጡ።