ወላጆቻችንን «ተቀመጡ» አንበላቸው



በዚህ ወር ስለ አንድ ምግብ ወይም ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ላወጋችሁ ወደድኩ። ቃሉ ከየቤታችን የማይጠፋ ነው። አባትና እናት ጡረታ ሲወጡ፣ ልጆችም ራሳቸውን ሲችሉ፣ ጅዳ ያለችው በኢሞ ደውላ፣ አዲስ አበባ ያለው ለዒድ መጥቶ የሚሉት ቃል ነው። «እስካሁን ለፍታችሁ አሳድጋችሁናል፤ ከእንግዲህ ተቀመጡ። ገበያውን ተላላኪ ይሂድ፣ ገንዘቡን እኛ እንልካለን» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ቃል መሆኑ አያጠያይቅም። ለወላጅ በጎ መዋልም ግዴታችን ነው። ነገር ግን መድኃኒት ቤት ቆሜ የማየው ነገር ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ከሚጠቅመው ይልቅ እንደሚጎዳ እንድናገር አስገድዶኛል። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከወላጆቻችን ላይ ሸክሙን እናውርድላቸው እንጂ መንገዱን አንውሰድባቸው።

ሰኞ በባቲ

በሀገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ብዙዎቻችን ጡረታ ሲባል የሚታየን በረንዳ ላይ የተዘረጋ ወንበር ነው። እስኪ እኔ ከማውቃቸው ባልና ሚስት የአንዱን ቀን ውሎ ልንገራችሁ። ባልየው በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሚስትየው ደመወዝ ተከፍሏቸው አያውቁም፤ ሥራ ፈትተውም አያውቁም። የሚኖሩት ባቲ ነው። ባቲ ደግሞ ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ከቆላው የሚመጡት አፋሮች ከኦሮሞውና ከአማራው ጋር የሚገናኙበት፣ ግመሉና ፍየሉ፣ እህሉና በርበሬው የሚገበያይበት ትልቅ ገበያ ነው።

ሰውየው ለሱብሂ መስጂድ ይሄዳሉ፤ መሄጃው 10 ደቂቃ፣ መመለሻው 10 ደቂቃ ነው። ቁርስ ቀምሰው የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ይወጣሉ። መንገድ ላይ የድሮ ተማሪያቸው ያስቆማቸውና ማመልከቻ አንብቡልኝ ይላቸዋል። ለዙህርና ለአስር እንደገና ወደ መስጂድ ይመላለሳሉ። ማታ የእድር ሒሳብ ያያሉ። እናትየው ደግሞ ጠዋት ገበያ ወርደው በርበሬ ይመርጣሉ፤ ዋጋ ይከራከራሉ፤ «ያምናው ይሻል ነበር» ብለው ሌላ ሻጭ ጋ ይሄዳሉ። ከዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት የወለደች ጎረቤት ዘንድ። ማታ ሁለቱም ቡና ላይ ቁጭ ሲሉ የከተማው ወሬ ሁሉ እነሱ ዘንድ አለ።

እንግዲህ ይህን ውሎ በቁጥር እንየው። ሰውየው ለሦስት ሶላት ብቻ በቀን 60 ደቂቃ ይራመዳሉ። በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ትንፋሽን ትንሽ ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በተጨማሪም ጡንቻን የሚያጠነክርና የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲጨመር ይላል። እኚህ አባት ስፖርት ሠርተው አያውቁም፤ ነገር ግን ፈጠን ብለው እስከተራመዱ ድረስ የተባለውን ያህል ያደርጋሉ። ሶላት የተደነገገው ለአላህ ብለን እንድንሰግድ እንጂ ለስፖርት አይደለም። ሆኖም በቀን 17 ረከዓ ፈርድ የሚሰግድ ሰው 34 ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም በጭኑና በወገቡ ጉልበት ቀና ይላል። ይህን ጉልበት ደግሞ የሚያቆየው መጠቀሙ ነው።

መቀመጥ ምን ያመጣል?

አሁን እነዚህን ባልና ሚስት «ተቀመጡ» በሏቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነት ሒሳቡን ይጀምራል። ሽማግሌ ሰው ሲቀመጥ ጡንቻው ከወጣቱ ይልቅ ቶሎ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸውን መመለስም ይከብዳል። ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድ ትልቁ ክፍል ስለሆነ እሱ ሥራ ሲፈታ የስኳር ሕመምተኛው ስኳር ይወጣል። ሆድ ይደርቃል። ጉልበት ይያያዛል።

ሌላም አለ። ቀን ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ የዋለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይመጣለትም። ልጅየው «አባዬ እንቅልፍ እምቢ አላቸው» ብሎ መድኃኒት ቤት ይመጣል፤ የሚጠይቀውም ዳያዜፓም ነው። ዳያዜፓም የወሰደ ሽማግሌ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ እግሩ ይከዳዋል፤ ይወድቃል። በዚህ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ ወደ ቀድሞው አካሄድ መመለስ ለብዙዎች አይሳካም። ተመልከቱ፤ ነገሩ የተጀመረው «ተቀመጡ» በሚል የፍቅር ቃል ነበር።

ከአካልም በላይ የልብ ጉዳይ አለ። ገበያ የሚወርዱት እናት ዋጋ ያሰላሉ፣ ሰው ይለያሉ፣ ሐሳብ ይሰጣሉ። ማመልከቻ የሚያነቡት አባት አሁንም ይፈለጋሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ሰው «ከእንግዲህ ለምን እኖራለሁ?» ማለት ይጀምራል። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ዝምታ፣ በትንሹ ማልቀስ ይከተላል። እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ቢወድቁስ? ባጃጅ ቢገጫቸውስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ልጅ ትክክል ነው። ፀሐይ አለ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ አለ፣ ባጃጅ አለ። ደግሞም ሁሉም ሽማግሌ እኩል አይደለም። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ ወይም በስትሮክ የተጎዳ ሰው በሐኪም ምክር እንጂ በእኔ ጽሑፍ መንቀሳቀስ የለበትም። ለቀሩት ግን መፍትሔው በር መዝጋት ሳይሆን መንገዱን ማቅለል ነው።

በርበሬውን እሳቸው ይምረጡ፤ ጆንያውን ግን ጋሪ ያምጣው። ገበያ በእግር ይውረዱ፤ ሲደክማቸው በባጃጅ ይመለሱ። ከቤት በጠዋት ይውጡ፤ ፀሐይ ሳይከር ይግቡ። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜት ስለሚቀንስ «አልጠማኝም» ቢሉም የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። ሸበጥ ትታችሁ ከኋላ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዙላቸው። ዓይናቸውን አስመርምሩ፤ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚድን ሆኖ ሳለ ስንቱ በግምት ይራመዳል!

ደግሞ አትርሱ፤ አብዛኛው ሽማግሌ የሚወድቀው ገበያ ሳይሆን እዚያው ቤቱ ወይም ግቢው ውስጥ ነው። ውዱእ የሚደረግበት እርጥብ ሲሚንቶ፣ በጨለማ የሚኬድበት ሽንት ቤት፣ ጫፉ የተቆለመመ ምንጣፍ ከባጃጁ ያልተናነሰ አደጋ ናቸው። መቀመጫ በርጩማ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ መያዣ፣ አንድ አምፖል ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

ስለ እናቶችም አንድ ነገር ልበል። ከባልና ሚስቱ ጡረታ የወጡት አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ብቻ ናቸው። 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም፣ በጭስ ተከቦ እንጀራ መጋገር እንቅስቃሴ ሳይሆን ልፋት ነው። እሱን አውርዱላቸው። ባልየውም ጀሪካኑን በጋሪ ቢያስመጡ፣ ወፍጮ ቤት ቢሄዱ ክብራቸው አይቀንስም።

ከመድኃኒት ጋር የሚሄድ ውሎ

ወደ ሙያዬ ልመለስ። መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ከቤት ሲወጣ የሚከተሉትን ቢያውቅ ይጠቀማል።

1. ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ሰዎች ሽንት ስለሚያስቸኩላቸው በገበያ ቀን ይተዉታል። ለቅሶ ካለ ማክሰኞም ይተዋል፤ ሐሙስም እንዲሁ። ከዚያ «ግፊቱ አልወርድ አለ» ይባላል። መተው ሳይሆን ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን ጠይቆ ሰዓቱን ከውሎ ጋር ማስማማት ይሻላል።

2. ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የዋጠ ወይም ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ቁርስ ሳይበላ ከቤት አይውጣ። ስኳር ሲወርድ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ንግግር ይምታታል፤ ሰው «ደክሟቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። በኪስ ከረሜላ ይያዝ። ሰውየው መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መስጠት፣ ሲነቁም ምግብ ማብላት ነው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል።

3. አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና የመሳሰሉትን የሚወስድ ሰው ከተኛበት ወይም ረጅም ከተቀመጠበት በዝግታ ይነሳ። አልጋ ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጦ፣ ዓይኑ አለመጨለሙን አይቶ ይራመድ።

4. ከገበያ መልስ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ብዙዎች ዳይክሎፌናክ ገዝተው ይውጣሉ። ዳይክሎፌናክ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደመር ደግሞ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ለጉልበት ሕመም በመጀመሪያ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ሙቅ ጨርቅና ምርኩዝ ይሞከር። ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም።

5. በጎረቤት ምክር የተገዛውን፣ ልጅ ከሳዑዲ የላከውን፣ ባህላዊውንም ጭምር በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለባለሙያ አሳዩ። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት የተለያየ ስም ሲወሰድ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

6. ረመዷን ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪም ይማከር። ጾሙ ለሚጎዳው በሽተኛ ሸሪዓው ፈቃድ እንደሰጠ ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል፤ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ከባድ አደጋ ነው።

ጨውንም ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። የወጡን፣ የሚጥሚጣውንና የዳቦውን ጨው ሁሉ ጨምሮ ነው። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መድኃኒት ከጫት ጋር እየታገለ ገንዘባችንን መጨረስ የለብንም።

ለልጆችና ለጀማዓው

እናንተ ሩቅ ያላችሁ ልጆች፣ ስትደውሉ «ዐረፋችሁ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። «ዛሬ የት ዋላችሁ? ማንን አገኛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እያጠረ ከመጣ ያ ራሱ የሕመም ምልክት ነው። ከምትልኩት ብር ላይ ለተላላኪ ከሚከፈለው በፊት ለጫማ፣ ለመነጽር፣ ለደም ግፊት መለኪያና ለውዱእ ቦታው መያዣ አውጡ። ቅርብ ያላችሁ ደግሞ በእነሱ ፋንታ ከመሄድ አብራችኋቸው ሂዱ። እርምጃችሁን በእነሱ ልክ አድርጉ። የፍጥነት ሐኪም ካልሆናችሁ በቀር የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም።

የየመስጂዱ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላችሁ። በውዱእ ቦታ ላይ የማያንሸራትት ንጣፍና መያዣ፣ በደረጃው ላይ ድጋፍ፣ መንገድ ዳር ጥላ ያለው መቀመጫ ቢሠራ ለሽማግሌዎቻችን ትልቅ ኸይር ነው። የዘወትር ሰጋጅ ሁለት ወቅት ከቀረ ወጣቶች ቤቱ ሄደው ይጠይቁ። በትንሽ ከተማ መኖር አንዱ ጸጋው ይኸው ነው፤ ማን እንደቀረ ይታወቃል። ታውቆ ካልተጠየቀ ግን መታወቁ ምን ዋጋ አለው?

እናንተ አባቶችና እናቶችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቻችሁ «ተቀመጡ» ሲሏችሁ አትቆጧቸው፤ ስለሚወዷችሁ ነው። «ሸክሙን ተቀበሉኝ፣ መንገዱን ግን ተዉልኝ» በሏቸው። ዘንቢላችሁን አንሱ፣ ኪኒናችሁን በሰዓቱ ዋጡ፣ በዝግታ ውጡ።

አላህ ዕድሜያችሁን ከጤናና ከመልካም ሥራ ጋር ያድርግላችሁ። እኛንም በወላጆቻችን ሐቅ ከሚጠነቀቁት ያድርገን። ኣሚን።