የአሮጌ ኮምፒዩተሮች አዲስ ዕድሜ እና የእኛ ፍሎፒ ዲስኮች

አምራች ኩባንያው ከከሰረ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ለሆነው ኮምፒዩተር ዛሬም አዲስ ፕሮግራም ይጻፋል ቢባል፣ ብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ኮሞዶር 64 የተሰኘው የቤት ኮምፒዩተር ገበያ ላይ የዋለው በ1982 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማስታወስ አቅሙ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይይዝም። ኩባንያው በ1994 ቢከስርም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ፕሮግራመሮች ለዚሁ ማሽን አዳዲስ ጨዋታዎችን፣ ሙዚቃዎችንና መሣሪያዎችን መሥራት አላቆሙም። በ2025ም የኮሞዶርን ስም የገዛው በአድናቂዎች የሚመራ ቡድን የድሮውን ማሽን የሚተካ አዲስ ሞዴል ለሽያጭ አቅርቧል።

ለመሆኑ ይህ ሥራ እንዴት ይቻላል? መልሱ ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተር በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ የአሮጌውን ማሽን ባሕርይ ይላበሳል፤ ፕሮሰሰሩን፣ የምስልና የድምፅ ቺፖቹን ሁሉ ያስመስላል። ለኮሞዶር 64 በሰፊው የሚታወቀው ቫይስ የተባለው ነፃ ኢሙሌተር ነው። ፕሮግራመሩ በዘመናዊ ኮምፒዩተሩ ላይ ይጽፋል፣ በኢሙሌተሩ ይሞክራል፣ በመጨረሻም በሚሞሪ ካርድ አማካይነት ወደ እውነተኛው ማሽን ያስተላልፋል። ሥራው ቀላል አይደለም። የዚያን ዘመን ፕሮግራመሮች በቺፖቹ ጉድለት ሳይቀር ይጠቀሙ ስለነበር፣ ጥሩ ኢሙሌተር የማሽኑን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ድክመቱንም መኮረጅ ይጠበቅበታል።

ጉዳዩን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። ለዚህ የእንግሊዙ ቢቢሲ ገጠመኝ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቢቢሲ በ1086 የተጠናቀረው ዱምስዴይ የተባለው የአገሪቱ የመሬትና የንብረት መዝገብ 900ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በ1986 ዘመናዊ አቻውን በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። በሥራው በርካታ ትምህርት ቤቶችና እጅግ ብዙ ሰዎች ተሳትፈዋል። ሆኖም ዲስኮቹን የሚያነበው ልዩ መሣሪያና ኮምፒዩተር ከገበያ በመጥፋቱ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሥራው ሁሉ እንዳይቀር ተፈራ። በ2002 የእንግሊዙ ሊድስና የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ኢሙሌተር ሠርተው ይዘቱን ማሳየት ቻሉ። በብራና የተጻፈው የ1086ቱ መዝገብ ግን ያለ ምንም ማሽን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ብራናን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የራሳችን የኮምፒዩተር ዘመን ሰነዶች ግን በተመሳሳይ አደጋ ላይ ናቸው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስልት፣ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። በዚህ ምክንያት በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። በዊንዶውስ ዘመን የተጻፉት ፎንታቸው ከተገኘ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡ ይችላሉ። ፊደሉን ፕሮግራሙ ራሱ ይስል በነበረበት በዶስ ዘመን የተጻፉት ግን ፕሮግራሙን እንደነበረ ማስነሳት ሊጠይቁ ይችላሉ። ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ዶስቦክስ በዋነኛነት ለጨዋታ የተሠራ ቢሆንም፣ ለዚህም ያገለግላል። ነገር ግን ኢሙሌተሩ ኖሮ ዋናው ፕሮግራም ከጠፋ፣ ቁልፉ ተገኝቶ በሩ እንደጠፋ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የሕግ ጥያቄም ይነሳል። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ስለሆነም የተረሳ ፕሮግራም ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ አምስትራድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ አርአያ ሊሆን ይችላል። በ1986 የሲንክሌርን ኮምፒዩተሮች መብት የገዛው ይህ ኩባንያ፣ በ1999 የስፔክትረም ማሽን መሠረታዊ ፕሮግራም ከኢሙሌተሮች ጋር እንዲሰራጭ ፈቀደ፤ የባለቤትነት መብቱን ግን አልተወም። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎችም እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ቢሰጡ የሚያጡት ገበያ ብዙም አይሆንም፤ አገር የምታገኘው ግን ብዙ ነው።

ቀሪው የመሥሪያ ቤቶች፣ የማተሚያ ቤቶችና የቤተ መዛግብት ድርሻ ነው። በየመሳቢያው ያሉት ፍሎፒ ዲስኮች መግነጢሳዊ ኃይላቸው ከዓመት ወደ ዓመት ይዳከማል፤ ማንበቢያዎቹም እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኙም። ይዘታቸውን አሁኑኑ መቅዳት፣ ፋይሉን ከነፕሮግራሙና ከነፎንቱ ማስቀመጥ፣ የትኛው በየትኛው እንደተጻፈ መመዝገብ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ኢሙሌተር የሚያስነሳው የተቀዳን ነገር ብቻ ነው፤ ከዲስኩ ላይ የጠፋውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።