ጎንበስ ያለ ሁሉ ትሑት አይደለም

ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥተን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስናቀና፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ ብለን ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ግራና ቀኝ የተሰቀለው ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታና የሐበሻ ቀሚስ ዓይን ይስባል። ሱቁን ትቶ ወደ ጓሮው መንደር ለዘለቀ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ግራ እየላኩ ይውላሉ። ከደብር አለቃ እስከ ተራ ምእመን፣ ሰው ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት ነጭ ልብስ የሚወጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ለባሹ ግን ሸማኔውን ዘመን ከዘመን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድበው ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን እዚያው ሽሮ ሜዳ ሻይ ስንጠጣ አንድ ጓደኛችን የተናገረው ነገር ነው። «ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የሚያስፈልጋት ጡንቻ ያለው መሪ ነው» አለ። «ትሕትና ለመነኩሴ ጥሩ ነው፤ ለአስተዳደር ግን አይሆንም። ጎንበስ ካልክ ይረግጡሃል።» ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ማታ ዶርም ገብተን ስናስበው ግን ነገሩ አልዋጥ አለን። እነሆ መልሳችን።

በቅድሚያ ጓደኛችን እውነት ያለው በአንድ ነገር ነው። ትሕትና ተብሎ የሚቀርብልን ነገር አብዛኛው ትሕትና አይደለም። አባቶቻችን «ጎንበስ ጎንበስ ዕቃ ለማንሳት ነው» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ የካህናት አለቃው ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ሥርዓቱ ያምራል፤ ልብም ይነካል። በማግስቱ ግን ያው ምእመን «የደብራችን ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል? «አንተ ማን ነህና አባትህን የምትጠይቅ!» ይባላል። ታዲያ ትናንት የታጠበው የማን እግር ነበር? ዓመቱን ሙሉ የማይጠየቅ ሰው በዓመት አንድ ቀን ቢያጎነብስ፣ ያንን ትሕትና ብለን ለመቀበል እኛ እንቸገራለን።

በወንጌላውያኑም በኩል ያለው ከዚህ አይሻልም። ትናንት «ወንድም» ይባል የነበረው ዛሬ «ሐዋርያ»፣ «ነቢይ» ካልተባለ ቀና ብሎ አያይም። ጠባቂ ከፊት፣ ጠባቂ ከኋላ። «እኔ ምንም አይደለሁም» ሲል ማይክሮፎኑን የሚለቅ ግን አይደለም።

ስለዚህ ጓደኛችን የጠላው ትሕትናን ሳይሆን ማስመሰሉን ከሆነ አብረነው ነን። ጡንቻ ይሻላል ወደሚለው ሲሻገር ግን እንለያያለን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት የተከራከረው ከእንዲህ ካለው አስተሳሰብ ጋር ነው። አንደበተ ርቱዕ ነን፣ ታላላቅ ሐዋርያት ነን የሚሉ ሰዎች መጥተው ጳውሎስን «ሰውነቱ ደካማ፣ ንግግሩ የማይረባ» ብለው አጥላሉት። እርሱ ግን «እኔም ብርቱ ነኝ» ብሎ ጡንቻውን አላሳየም። የቆጠረላቸው ግርፋቱን፣ ረሃቡን፣ በቅርጫት ሆኖ ከቅጥር ያመለጠበትን ነው፤ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያልተነቀለለትን እሾህ ጭምር። በዚያ ድካም ውስጥ የእግዚአብሔርን ኃይል አገኘሁ አለ። ድካሙን የማይደብቅ ሰው በምን ያስፈራሩታል?

ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ነው የሚል ካለ የራሳችንን አገር ይመልከት። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ በእጃቸው የጦር መሣሪያ አልነበረም። አርበኞቹን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ያሉ አንድ መነኩሴ ናቸው። ሐውልት የቆመው ለማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ለተኳሾቹ አይደለም።

ደግሞ ወደ ሐምሌ 1971 እንምጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግን ሳያስፈቅዱ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት በመሾማቸው በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው ነበር። በዚያች በሐምሌ ወር በድብቅ ተገደሉ። በዚያው ወር 21 ቀን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግሎታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ያን ሌሊትም ተገደሉ። ቀደም ሲል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሳይቀሩ ገብተውበታል። እርሳቸው ግን መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ግድም በእስር ማቀቁ።

«ታዲያ ምን አተረፉ? ሞቱ እኮ!» ይለናል ጓደኛችን። እስቲ ይታሰብ። የሁለቱም ሰዎች ሬሳ ለዓመታት የት እንደተጣለ አልታወቀም። ያን ሁሉ ታንክና ያን ሁሉ እስር ቤት የያዘ መንግሥት የሁለት ባዶ እጅ ሰዎችን ሬሳ ለምን ደበቀ? ስለፈራ ነዋ! ደርግ በ1983 ወደቀ፤ በ1984 አጽማቸው ተገኘ፤ አቡነ ቴዎፍሎስ ጎፋ ገብርኤል በክብር አረፉ። ጡንቻው የት ሄደ? ዛሬ በቤተ ክርስቲያን በጸሎት የሚታሰበው ማን ነው?

አሁን አስቸጋሪው ቦታ ላይ ደረስን፤ አንሸሸውም። ትሕትና ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነው። በወላይታ በብሕትውና የኖሩ፣ በባዶ እግር የሚሄዱ፣ ፓትርያርክ ከሆኑም በኋላ መሬት ላይ የሚተኙ፣ ጥቂት የሚቀምሱ አባት ነበሩ። በ1980 እስካረፉ ድረስ ያንን ኑሮ አልለወጡም። ትሕትናቸው የታይታ ነበር የሚል ሰው ቢመጣ እኛ ነን የምንከራከረው። ነገር ግን በ1968 እርሳቸው በመንበሩ ሲቀመጡ ባለ መንበሩ በሕይወት ነበሩ፤ እስር ቤት። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልቀበልም ያለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምናነሣው ያንን ጻድቅ ሰው ለመውቀስ አይደለም። የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው። አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሲሄድ ሥጋውን ዝቅ አደረገ ማለት ነው። ጉባኤው በሙሉ ደግሞ «ይህ ወንበር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ፍቱልን» ለማለት ሌላ ዓይነት ትሕትና ያስፈልገዋል፤ ጥቅሙንና ሕይወቱን ለማጣት የተዘጋጀ ትሕትና። ያን ጊዜ የጎደለን የአንድ መነኩሴ ጾም ሳይሆን የብዙዎች ድፍረት ነው። ለባለ ጠመንጃ ጎንበስ ማለት ትሕትና አይባልም፤ ስሙ ፍርሃት ነው። ትሑት ሰው ለድሀ ያጎነብሳል፤ ባለ ጠመንጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ሆነ።

ያልተማርነው ትምህርት ተመልሶ መጣ። በ1984፣ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም በተገኘበት በዚያው ዓመት፣ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። የተሾሙት አቡነ ጳውሎስ ደግሞ አቡነ ቴዎፍሎስ ከሾሟቸውና አብረዋቸው ከታሰሩት ከሦስቱ ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። አንዱ ሲኖዶስ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሲኖዶስ ስደት፤ ስንት ቤተሰብ በውጭ አገር በአንድ ከተማ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ተከፍሎ ተኳረፈ! 26 ዓመት። በሐምሌ 2010 የተፈታው በማን ጡንቻ ነው? በማንም። አቡነ መርቆሬዎስ ተመለሱ፤ አቡነ ማትያስም አልወረዱም። አንዱ በጸሎት፣ አንዱ በአስተዳደር ሆነው የሁለቱም ስም በጸሎት ይጠራ ተባለ። «የእኔ ስም ብቻ ይጠራ» የሚል ቢኖር ኖሮ ሌላ 26 ዓመት በተጨመረ ነበር።

አምስት ዓመት ሳይሞላ በጥር 2015 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን አሉ። በነነዌ ጾም ነጭ ለባሹ ሕዝብ ጥቁር ለበሰ፤ ደም ፈሰሰ፤ ወጣት ሞተ። ሕዝብ በቋንቋው ይገልገል የሚለው ጥያቄ እኮ እውነተኛ ጥያቄ ነው! አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ የሚሰማው ቢያገኝ፣ ጠያቂውም ለጉባኤ መታዘዝን ቢያውቅ፣ ያ ሁሉ እንባ ለምን ይፈስ ነበር? የካቲት ላይ ስምምነት ተደረገ፤ የሞተው ግን አልተነሣም።

እንግዲህ መሪን ስንመዝን በሦስት ነገር እንመዝነው እንላለን። ሲጠየቅ ይመልሳል? ተሳስቻለሁ ብሎ ያውቃል? ወንበሩን ልቀቅ ቢባል ሳይሰበር መነሣት ይችላል? ባዶ እግር ይሂድ፣ ጫማ ያድርግ፣ እርሱ አያጣላንም።

ይህን ስንጽፍ እኛስ? ግቢ ውስጥ ለመዝሙር አስተባባሪነት፣ ለሰብሳቢነት ምርጫ ስንት ሳምንት እንኳረፋለን? ያልተመረጠው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ኅብረት ያቋቁም የለም እንዴ? ነገ ቄስ፣ ሰባኪ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል የምንሆነው እኛው ነን፤ ከሰማይ የሚወርድ ሌላ ሰው የለም።

ጓደኛችን በዚያ ቀን ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ ነበር። ሸማኔው ሊያሳየው ከጉድጓዱ ሲወጣ እግሩ ደንዝዞ ግድግዳ ያዘ። ጋቢው ግን ጠንካራ ነው፤ እናቱ ብዙ ክረምት ይለብሱታል። እኛም «ጎንበስ ካልክ ይረግጡሃል» ላለን ወንድማችን የምንመልሰው ይህንኑ ነው፤ የለበስከውን የሠራልህ ማን እንደሆነ፣ የት ተቀምጦ እንደሠራው አስብ።